ቅዳሜ ለዒላማ ተኩስ እንገናኝ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ቤተሰብና ጓደኛ ይዛችሁ ኑ። ውድድር የለም፣ ነጥብም አንመዘግብም። ባዶ ጣሳዎች እንደረድራለን፣ የወረቀት ዒላማም እንሰቅላለን።

እኔ ከሁሉም የምወደው ከመተኮሱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው። ትንፋሽ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ሰውነት ይረጋጋል፣ ጣት ምላጩን ይጫናል። ጣሳው ቋ ብሎ ሲወድቅ ደግሞ ከኋላ ያለው ሁሉ በደስታ ይጮሃል። ባለፈው እናቴ በመጀመሪያ ተኩሷ ስትመታ ፊቷ ላይ ያየሁት ፈገግታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ለጀማሪ የአየር ጠመንጃ ይሻላል፤ ትከሻ አይመታም፣ ድምፁም አያስደነግጥም። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ዒላማ ላይ መሃለኛዋ ነጥብ ስፋቷ 0.5 ሚሊሜትር ብቻ ናት፤ ጥይቱ ራሱ 4.5 ሚሊሜትር ነው። ለእኛ ጣሳው ይበቃናል።

አደራ፣ አፈሙዙ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ይሁን። እስክታነጣጥሩ ድረስ ጣት ከምላጩ ይራቅ። መከላከያ መነጽር ሁሉም ያድርግ፣ ተመልካችም ጭምር። ልጆች ያለ ወላጅ አይተኩሱም። ዒላማ ሊቀይር የሚሄድ ሰው ካለ ጠመንጃዎቹ ሁሉ ባዶ ሆነው ይቀመጡ፣ ማንም አይንካቸው።

ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁን።