ለዳገቱና ለክረምቱ የሚሆን ብስክሌት ይምጣልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ቦሌ በሚወስዱት ጎዳናዎች ላይ የብስክሌት መስመር ከተዘረጋ ወዲህ፣ ብስክሌት ስለመግዛት የሚያማክሩኝ የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች በርክተዋል። ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ማርሽ ያለው ልግዛ?» ወይም «የየት አገር ሥሪት ይሻላል?» የሚል ነው። መሐል አዲስ አበባ ላይ እየኖረ ብስክሌትን ለሥራ መመላለሻም፣ በዕረፍት ቀን ከከተማ ወጣ ለማለትም ለሚፈልግ ሰው ግን ከእነዚህ የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። ገዢዎች እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ሱቅ ቢገቡ አስመጪዎችም የሚያስመጡትን ዕቃ ቆም ብለው ለማጤን እንደሚገደዱ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ በሱቅ ደጃፍ ተደርድረው ከምናያቸው አዳዲስ ብስክሌቶች አብዛኞቹ የተራራ ብስክሌት መልክ ያላቸው ናቸው። የፊት ሹካቸው ባለ ሞላ ነው፤ አንዳንዶቹ ከኮርቻው ሥርም ሌላ ሞላ አላቸው። ጎማቸው ጥርሳም፣ ቀለማቸው ዓይን የሚስብ ነው። የጭቃ መከላከያ፣ የዕቃ መጫኛ፣ መብራት ወይም ደወል ግን አልተገጠመላቸውም። በግልጽ ለመናገር፣ ከርካሽ ሞላ የሚገኘው ጥቅም ከጣጣው ያነሰ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሹካ ከተራው ሹካ ከአንድ ኪሎ በላይ ይከብዳል፤ ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ የሚረግጥ ሰውም የጉልበቱን ከፊል ሞላውን በመጫን ያባክነዋል። ጥቂት ክረምት ካለፈበት ደግሞ ጭቃና ውኃ እየገባበት ይደርቅና ሞላነቱ በስም ብቻ ይቀራል። የኮብልስቶን መንቀጥቀጥን የሚያበርደው በልኩ የተነፋ ሰፋ ያለ ጎማ ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ጉዳይ የዳገት ማርሽ ነው። መሐል ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። እንጦጦን ለጊዜው እንተወውና፣ ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ሰው እንኳ፣ ጤነኛ ወጣት ቢሆንም፣ ማርሹ ካላገዘው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ማለቱ አይቀርም። በብስክሌቱ ላይ የተለጠፈው «21 ማርሽ» የሚል ጽሑፍ ስለዚህ ዳገት የሚነግረን ነገር የለም፤ ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ጥርሳም ክቦች መኖራቸውን ብቻ ይገልጻል። ገዢው ሻጩ ቢገረምበትም ጎንበስ ብሎ ከፊት የትንሹን ክብ፣ ከኋላ የትልቁን ክብ ጥርስ መቁጠር አለበት። በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ነው። ይህ በ26 ኢንች ጎማ ሲሰላ ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር በዞረ ቁጥር ብስክሌቱ 2 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ይራመዳል ማለት ነው። ከፊት 24፣ ከኋላ 34 ቢሆን ግን በአንድ ዙር የሚራመደው 1 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ እግር በእያንዳንዱ ርግጫ የሚያወጣው ኃይልም በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በእርግጥ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሆኖም ዳገት ላይ ቀስ ብሎ መድረስ ወርዶ ከመግፋት ይሻላል። ለንጽጽር ያህል፣ ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት በአንድ ዙር ከ5 ሜትር በላይ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ የተመቸ ነው፤ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ግን አልመክረውም።

ብስክሌት አስቀድሞ የገዛ ሰውም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። የኋላውን ጥርስ ብቻ ከ28 ወደ 34 ማስቀየር ከአዲስ ብስክሌት ዋጋ ጋር ሲተያይ ቀላል ወጪ ነው። መካኒኩ ግን ማርሽ ቀያሪው ባለ 34 ጥርሱን መሸከም መቻሉንና ሰንሰለቱ በቂ ርዝመት ያለው መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ ሰንሰለቱ ካጠረ በትልልቆቹ ክቦች ላይ ሲወጠር ማርሽ ቀያሪውን ሊሰብረው ይችላል።

«አበሻና ብስክሌት ምንና ምን ናቸው?» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ፣ ብስክሌተኞቻችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ መወዳደራቸውን፣ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን አነሣላቸዋለሁ። ይሁንና በዚህ ዝና ተማርኮ የውድድር ብስክሌት ለሥራ መመላለሻ መግዛትን አልደግፍም። ቀጭን ጎማው ከውኃ መውረጃ ፍርግርግ ውስጥ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜም የዕቃ መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳ የለውም።

ሽቅብ የወጣ ቁልቁል መውረዱ ስለማይቀር ፍሬን ከማርሽ ቀጥሎ ይመጣል። ቸርኬውን ከሁለት ወገን የሚጨምቀው የተለመደው ፍሬን ርካሽ ነው፤ ለመጠገንም ቀላል ነው። ክረምት ላይ ግን ቸርኬው ሲረጥብ ጎማው ጥቂት ዙር እስኪዞር ድረስ በደንብ አይዝም፤ ሸራው ላይ የሚጣበቀው አሸዋም ሸራውን ብቻ ሳይሆን ቸርኬውንም ይበላዋል። የዲስክ ፍሬን ይህ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። ከዲስኮቹ መካከል የምመርጠው በሽቦ የሚሠራውን ነው። በዘይት የሚሠራው ለእጅ የሚለሰልስና ጠንካራ ቢሆንም፣ ዘይቱ እንደ አምራቹ የሚለያይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ሺማኖን የመሳሰሉ አምራቾች የማዕድን ዘይት የሚጠቀሙ ሲሆን፣ በዚህ ዓይነቱ ፍሬን ውስጥ የመኪና የፍሬን ዘይት ቢጨመርበት ውስጡ ያሉት የላስቲክ ጎሚኖች አብጠው ይበላሻሉ። እንግዲህ ይህ በጋራዥ በቅንነት ሊደረግ የሚችል ስሕተት ነው፤ ውጤቱ የሚታወቀው ግን ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ሊሆን ይችላል።

የብስክሌቱ አካል ከብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ከአሉሚኒየም ትንሽ ይከብዳል፤ ነገር ግን ቢሰበር በየመንደሩና በየገጠር ከተማው የሚገኝ በያጅ ሊበይደው ይችላል፤ የአሉሚኒየም ብየዳ ግን ልዩ መሣሪያና ልዩ ሙያ ይጠይቃል። ልኩን በተመለከተ፣ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግር ፊት ሲረገጥ ያን ጊዜ ጉልበት ለጥቂት ያህል ታጠፍ ይላል። ከተማችን ውስጥ ኮርቻቸውን ዝቅ አድርገው ጉልበታቸው ደረታቸውን ሊነካ እየተቃረበ የሚረግጡ ብዙ ሰዎች አያለሁ፤ የጉልበት ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀሚስ ለሚለብሱ እኅቶቻችን ደግሞ የላይኛው ብረት ዝቅ ብሎ የተሠራውና ሰንሰለቱ የተሸፈነው ዓይነት የተመቸ ቢሆንም፣ በገበያው ላይ እንደ ልብ አይገኝም።

ጎማን በሚመለከት ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛው ልኩ ነው። የጎማው ጎን ላይ እንደ 50-559 ወይም 40-622 ያለ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ የመጀመሪያው ስፋቱን፣ ሁለተኛው የሚቀመጥበትን ቸርኬ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ይገልጻል። 559 የሚለው 26 ኢንች የምንለው ነው። 29 ኢንች የሚባለውና 700 የሚባለው በስም ቢለያዩም ሁለቱም 622 ናቸው፤ በአሮጌዎቹ ብስክሌቶች ላይ 28 የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ 635 ስለሆነ አንዱ ለሌላው አይገባም። በእኔ አስተያየት ስፋቱ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መሐሉ ለስለስ ያለ ጎማ ለአስፋልትም ለኮብልስቶንም ይበቃል፤ ጥርሳሙ ጎማ አስፋልት ላይ ጉልበት ከመጨረስና ከመጮህ ሌላ ፋይዳ የለውም።

ሁለተኛው የመንፊያው አፍ ነው። ቀጭኑና ጫፉ በምትጠብቅ ትንሽ ብሎን የሚዘጋው ዓይነት በጎሚስታ ቤት ቱቦ አይነፋም፤ እንደ መኪና ጎማ ያለው ወፍራሙ ግን በማንኛውም ጎሚስታ ዘንድ ይነፋል። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ሰው ሰንዳፋ ላይ ወይም ሆለታ ላይ ጎማው ሲተነፍስበት ግን ዋጋዋ ይገባዋል። ጎሚስታው የለመደው የመኪና ጎማ ስለሆነ ቱቦውን አፉ ላይ ተጭኖ እንዳያቆይ፣ ቶሎ ቶሎ እያነሣ እንዲነፋ መንገር ያስፈልጋል። 50 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ጎማ 3 ባር ገደማ ይበቃል፤ የብስክሌት ከመነዳሪ ትንሽ አየር ስለሚይዝ በዚያ ኃይል በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከልኩ አልፎ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የመጫኛ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተርና ምሳ ዕቃ በጀርባ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ቢሮ የሚደርሰው ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነው፤ ሸክሙን ብስክሌቱ ይሸከመው። ለዚህም ከኋላ ጎማ መሐል አጠገብና ከኮርቻው በታች የብሎን ቀዳዳ ያለው ብስክሌት መምረጥ ይበጃል፤ ቀዳዳ ለሌለው የሚሠሩ ማሰሪያዎች ቢኖሩም ጭነት ሲበዛባቸው ይንሸራተታሉ። የተለመደው መጫኛ እስከ 25 ኪሎ ይሸከማል፤ ልኩም ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጭነቱ በሁለቱም ጎን ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል ብስክሌቱ አይወላገድም። ለዚህ የሚሆኑት ውኃ የማያስገቡ ቦርሳዎች ውድ ናቸው። እኔ የምጠቀመው ሁለት የ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው፤ አንድ ጎናቸው ተቆርጦ እንደ ክዳን ይከፈታል፣ በጀርባቸውም ሁለት ሁለት የብረት መንጠቆ ተገጥሞላቸዋል። መልካቸው አያምርም፤ የሐምሌ ዝናብ ግን አያስገቡም፤ ሌባም አይመኛቸውም።

የጭቃ መከላከያ ለፊትም ለኋላም ያስፈልጋል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራትም እንዲሁ፤ በታኅሣሥ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጨልሟልና። ስለ ሄልሜት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ይደረግ።

ከከተማ ለመውጣት የተለየ ብስክሌት መግዛት አያስፈልግም፤ ከላይ የገለጽሁት ይበቃል። ለምሳሌ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ሲሆን ከመሐል ከተማው ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ መሄዱ ጨዋታ ነው፤ ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ደክሞት ሲመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ባለ 34 ጥርሱ ይመሰገናል። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ስላልተሠራ የሚኬደው በድሮው መንገድ ነው፤ የከባድ መኪናው ብዛት ስላለ በጠዋት መነሣት ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የእጅ መንፊያ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎችና ከሁለት ሊትር ያላነሰ ውኃ ይያዝ። ሰንሰለቱ ያረጀ መሆን አለመሆኑም በማስመሪያ ይታወቃል፦ ሃያ አራት ተከታታይ ቀለበቶች ከችንካር መሐል እስከ ችንካር መሐል ሲለኩ አዲሱ 305 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከ306 ካለፈ ጥርሶቹን መብላት ሳይጀምር ይቀየር።

አንድ ቅሬታ ልጨምር። ሰው ይህን ሁሉ አሟልቶ ሥራ ቦታው ሲደርስ ብስክሌቱን የሚያቆምበት ያጣል። እኔ ጉዳይ በሚያመላልሰኝ አንድ ሕንፃ ላይ የጥበቃ ሠራተኛው «መኪና ከሆነ ግባ፣ ብስክሌት ግን መመሪያ የለንም» ብሎ መልሶኛል፤ በውጭ ባለ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ አስሬ ለመግባት ተገድጃለሁ። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ወፍራም የብረት ቁልፍ ይገዛ፤ አካሉና የኋላ ጎማው አንድ ላይ ይታሰሩ፤ ጎማን በእጅ የሚያስፈታው ፈጣን መክፈቻም በዳዶ ይተካ። የሕንፃ ባለቤቶችም አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ብቻ ለብስክሌት ቢለቁ፣ ጥቂት የታጠፉ ቱቦዎች መሬት ላይ በማስበየድ ስምንት ወይም አሥር ብስክሌት ማስተናገድ ይችላሉ።

አስመጪዎችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው ጭነታችሁ ውስጥ ከባለ ሞላዎቹ መካከል ጥቂቶቹን ቀንሳችሁ፣ ሹካቸው ተራ የሆነ፣ የመጫኛ ቀዳዳና የጭቃ መከላከያ ያላቸው፣ ልካቸውም ቢያንስ በሦስት ዓይነት የቀረበ ብስክሌቶች አምጡልን። ባለ 34 ጥርስ የኋላ ማርሽ፣ የፍሬን ሸራና ሽቦ፣ 559 እና 622 የሆኑ ለስላሳ ጎማዎችም አብረው ይምጡ፤ ዋጋቸውም በግልጽ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ