ለዳይሬክተሩስ መቼ ነው የሚከፈለው?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ስለ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በተጠቀሙበት ቁጥር ለፈጣሪው ስለሚከፈለው ገንዘብ፣ ሲነሳ በጋዜጣም በሬዲዮም የሚወራው ስለ ሙዚቃ ነው። ስለ ዘፋኙ፣ ስለ ግጥምና ዜማ ደራሲው። ይገባቸዋል፣ ብዙ ታግለውበታል። ፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ዳይሬክት የምናደርግ ሰዎች ግን በዚህ ወሬ ውስጥ የለንበትም። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ዳይሬክተር ድራማ ሲይዝ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በክፍል ነው፤ ፊልም ከሆነ ደግሞ በጥቅል። ቀረጻው አለቀ፣ ኤዲቲንጉ አለቀ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ተቀበልክ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ሥራው በድጋሚ ይተላለፋል፣ በበዓል ሰሞን እንደገና ይወጣል፣ ዩቲዩብ ላይ ተጭኖ ከዋሽንግተን እስከ ዱባይ ያለ ሀበሻ ያየዋል፣ በየመሀሉም ማስታወቂያ ይገባበታል። ዳይሬክተሩ ጋ አምስት ሳንቲም አይደርስም። እኔ ራሴ የሠራሁት ድራማ ከዓመታት በኋላ ሲደገም የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ጣቢያው ጋ ደውዬ ስጠይቅ «ውላችን ከፕሮዲዩሰሩ ጋር ነው» አሉኝ። ፕሮዲዩሰሩ ደግሞ «እኔም አንዴ ሸጬ ወጥቻለሁ፣ ምን ላድርግህ?» አለኝ። ሁለቱም አልዋሹም።

አልዋሹም፣ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር የፊልም ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት የመጀመሪያ ባለቤት ፕሮዲዩሰሩ ነው ይላል። ለፈጣሪው የሞራል መብቱ አለለት፤ ሥራው የሱ መሆኑ እንዲታወቅለትና ስሙ እንዲጠቀስ መጠየቅ ይችላል። ገንዘቡን በተመለከተ ግን በውል ተደራደር ነው ነገሩ። እስቲ ማን ነው የሚደራደረው? ሥራ ፈላጊ ከሥራ ሰጪ ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ «ሲደገም ይከፈለኝ» ቢል በማግስቱ ሌላ ዳይሬክተር ይጠራል። በተለይ ገና የሚጀምሩ ልጆች ይህንን አፍ አውጥተው ሊሉት አይችሉም፣ ልንፈርድባቸውም አይገባም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ አንድ ነው። ዳይሬክተሩ ሥራው በተላለፈ ቁጥር ክፍያ የማግኘት መብቱ በውል እንኳን የማይሸጥ፣ የማይለወጥ ይሁን። ከፋዩም ፕሮዲዩሰሩ ሳይሆን ሥራውን የሚጠቀምበት ይሁን፤ ጣቢያው፣ የሳተላይት አገልግሎቱ፣ የኢንተርኔት መድረኩ። ሰብሳቢው ደግሞ የጋራ ማህበር ይሁን። አዋጁ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ለጋራ አስተዳደር ማህበር፣ ማለትም የብዙ ፈጣሪዎችን ክፍያ በአንድነት ሰብስቦ ለሚያከፋፍል ማህበር፣ በር ተከፍቷል፤ በዚያ በር እኛም እንግባ ነው የምለው።

ይሄ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። አውሮፓን ልተወውና የኛን ዓይነት የገንዘብ ችግር የሚያውቁ አገሮችን ልጥቀስ። የአርጀንቲና የፊልም ዳይሬክተሮች ማህበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። የዳይሬክተሮችን ክፍያ እንዲሰበስብ በፕሬዚዳንቱ ድንጋጌ እውቅና ያገኘው ግን በ2009 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት! ከዚያ በኋላ ሌሎች የአካባቢው አገሮች ብዙ አልቆዩም። ቺሌ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኮሎምቢያ በ2017 ለዳይሬክተሮችና ለስክሪፕት ጸሐፊዎች ይህንኑ መብት የሚሰጥ ሕግ አወጡ። የቺሌው ሕግ የሚጠራው በዳይሬክተሩ በሪካርዶ ላራይን ስም ነው፣ የኮሎምቢያው ደግሞ በፔፔ ሳንቼዝ። ሁለቱም ሕጎቹ ሳይወጡ ነው ያረፉት። ይህን ሳስብ እዚህ አገር ያሉ ታላላቆቻችን ናቸው የሚታወሱኝ። ስንቱ ባለሙያ ሲታመም ነው ሕዝብ እንዲያዋጣለት በቴሌቪዥን የሚለመንለት? ሕዝባችን ደግ ነው፣ ያዋጣል፣ እግዜር ይስጠው። ግን ያ ሰው በሠራው ሥራ ለዓመታት ማስታወቂያ ሲሸጥ ኖሯል። ከዚያ ላይ ጥቂት ጥቂት ቢደርሰው ኖሮ መለመን ባላስፈለገው።

«ጣቢያዎቹ ከየት አምጥተው ይክፈሉ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቢራ ማስታወቂያ በ2011 ዓ.ም. ከቴሌቪዥን ከወጣ ወዲህ ስንት ጣቢያ እንደተቸገረ እኛም እናውቃለን፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚቆረጠው የድራማ በጀት ነው። ግን በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከጣቢያው ገቢ ላይ በመቶኛ ነው። ትንሽ ያገኘ ትንሽ ይከፍላል። ጣቢያው ከእያንዳንዱ ዳይሬክተርና ወራሽ ጋር ለየብቻ መነጋገር አይጠበቅበትም፤ ለአንድ ማህበር ከፍሎ ይገላገላል። ለሱም ቢሆን ይሻለዋል።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ መዝገብ። ማህበሩ ገንዘብ ቢሰበስብ እንኳን ለማን ያከፋፍላል? ለማከፋፈል ምን እንደተላለፈ፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ማን ዳይሬክት እንዳደረገው የሚያሳይ ዝርዝር ከጣቢያው መምጣት አለበት። የኛ ጣቢያዎች ደግሞ የመጨረሻው የስም ዝርዝር ሲጀምር ወደ ማስታወቂያ ይዘላሉ። ዩቲዩብ ላይ የሚጭኑትማ ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ ቆርጠው ይጥሉታል። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በቪሲዲ ከወጡት ፊልሞች ስንቶቹ ናቸው ዛሬ ማን እንደሠራቸው በቀላሉ የሚታወቀው? ባለቤቱ ያልታወቀ ሥራ ክፍያ ሊያመጣ አይችልም። ውጭ አገር ለአንድ ፊልም አይሳን የሚባል ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፈጣሪዎቹም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የአንዱ አገር ማህበር ለሌላው ገንዘብ የሚያስተላልፈው በዚህ መንገድ ነው። የኛ ሰው ፊልም አውሮፓ ወይም ላቲን አሜሪካ ታይቶ ለዳይሬክተሩ ክፍያ ቢታሰብለት እንኳን፣ ስሙ የትም ካልተመዘገበና የሚወክለው ማህበር ከሌለው ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።

ይህ ሥራ ደግሞ የሕግ ማሻሻያ አይጠብቅም። የሙያ ማህበሮቻችን ከነገ ጀምሮ የአባሎቻቸውን ሥራ መመዝገብ ይችላሉ፦ ርዕስ፣ ዓመት፣ ርዝመት፣ ዳይሬክተር፣ ጸሐፊ፣ ፕሮዲዩሰር፣ በየትኛው ጣቢያ እንደታየ። ከታላላቆቻችን መጀመር አለበት፣ እነሱ እያሉ ነው መጠየቅ ያለባቸው። ወረቀት ያላቸው ወረቀታቸውን ያምጡ፣ የሌላቸው የሚያስታውሱትን ይንገሩ።

ፕሮዲዩሰር ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው እፈልጋለሁ። መኪናውን ሸጦ፣ ቤቱን አስይዞ ፊልም የሠራ ፕሮዲዩሰር አውቃለሁ። ከሱ ኪስ አንድ ብር ይውጣ አላልኩም። እንዲያውም እሱም አንዴ ሸጦ የሚወጣበት አሠራር ቢቀየር አብረን ነው የምንጠቀመው።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁልን፦ በጋራ አስተዳደሩ ውስጥ የፊልምና የቴሌቪዥን ዳይሬክተር ቦታው የት ነው? ጣቢያዎቹንም ጠይቁልን፦ የምታስተላልፉት ድራማ ማን እንደሠራው ትመዘግባላችሁ ወይ? መልሳቸውን እዚሁ ጋዜጣ ላይ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ዳይሬክተር
ከአዲስ አበባ