ኮዱን በፒዲኤፍ ብቻ አትላኩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ አስተምራለሁ። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ከተጀመረ ወዲህ ኮድ ልማር የሚለኝ ልጅ በዝቷል። ከደምበጫና ከአማኑኤል የሚመጡ አሉኝ። ይህን የምጽፈው ሃንድአውት ለምታዘጋጁ ሁሉ ነው።

ልጆቹ ሃንድአውቱን የሚቀበሉት በቴሌግራም ነው፤ አብዛኛው ፒዲኤፍ። ኮዱን ኮፒ አድርገው ኤዲተር (ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ላይ ፔስት ሲያደርጉት፣ በመስመሮቹ መጀመሪያ የነበረው ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ ተበልቶ ይመጣል። ቋንቋው ጃቫ ወይም ሲ ቢሆን ግድ የለም። እዚያ የቱ መስመር በየትኛው ሥር እንዳለ የሚለየው በቅንፍ ነው። ኤዲተሩ ራሱ አስተካክሎ ይደረድረዋል። ፓይተን ግን ይህን የሚያውቀው በባዶ ቦታው ብቻ ነው። እሱ ከጠፋ የትኛውም ኤዲተር መልሶ ሊያመጣው አይችልም፤ የጸሐፊውን ሐሳብ ከየት ያገኘዋል? ልጁ ፊደል በፊደል ያመሳክራል፣ ስህተት አያገኝም። «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይነሳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ጎበዝ ልጅ ባልሠራው ጥፋት ተስፋ ይቆርጣል።

ባዶ ቦታ የሚፈጥሩት ሁለቱ ቁልፎች፣ ታብና ስፔስ፣ ሲደባለቁም ያው ጣጣ ነው። ለዓይን እኩል ይመስላሉ፤ ፓይተን 3 ግን ድብልቁ ሲያምታታው ኢረር ይሰጣል። ይህኛው መድኃኒት አለው። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ላይ «ቪው» ውስጥ «ሾው ሲምቦል» ገብታችሁ የተደበቁትን ምልክቶች አብሩ። ታቡ ቀስት፣ ስፔሱ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ቪኤስ ኮድ ላይ ደግሞ ከታች በስተቀኝ የስፔሱን ቁጥር የሚያሳየውን ጽሑፍ ተጭናችሁ ሁሉንም ወደ ስፔስ ቀይሩት። የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ፣ ፔፕ 8፣ ለእያንዳንዱ እርከን 4 ስፔስ ይላል።

ሊኑክስ ላይ ቪም በተባለው ኤዲተር የምትሠሩ ደግሞ ኮዱ እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየሸሸ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። የተለጠፈው ኮድ የራሱን ባዶ ቦታ ይዞ ይመጣል፤ ኤዲተሩ ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። ከመለጠፋችሁ በፊት ኮሎን ብላችሁ «ሴት ፔስት» ጻፉ። ሲያበቃ «ሴት ኖፔስት» ማለት አትርሱ፤ አለዚያ ቀጥሎ በእጅ ስትጽፉ ቪም የመስመሩን መጀመሪያ ባዶ ቦታ በራሱ አይጨምርላችሁም።

ማብራሪያው በፒዲኤፍ ይሁን፣ አልተቃወምኩም። ኮዱን ግን ከጎኑ በፓይተን ፋይልነቱ ላኩልን። ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ የልጆቹን ዳታም አይበላም።

የኮምፒውተር አስተማሪ
ከደብረ ማርቆስ