የቀሃ ዳር ትዝታ ሳይጠፋ ይቀረጽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጎንደር ታሪክ ሲወራ ነገሩ ሁሉ ግንቡ ላይ ያልቃል። የቀሃ ወንዝ ዳር ሰፈሮችን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው። በጥምቀት የምንረጭበት የፋሲል መዋኛ ውሃ ግን የሚመጣው ከቀሃ ነው። አዲስ ዓለምም ብትሆን፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ሲታዘዝ የሰፈሩባት የወንዝ ዳር መንደር ናት። ይህ ከግንቡ የሚያንስ ታሪክ አይደለም።

ደግሞም ጊዜ የለንም። እናቴ ነጠላዋን ቀሃ ወርዳ በእንዶድ ታጥብ ነበር። ነጩ አረፋ ድንጋዩን እየታከከ ቁልቁል ሲወርድ ዛሬም ይታየኛል። ይህን የሚያስታውሱ አዛውንቶች አንድ በአንድ እያለፉብን ነው።

የከተማው ባህልና ቱሪዝም ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ትዝታቸውን በድምፅ ይቅረጽ። ከመጪው ጥምቀት በፊት ከአዲስ ዓለም ይጀመር።

አንድ የቀሃ ዳር ልጅ፣ ከጎንደር