እማዬ፣ መንገዱን መርጫለሁ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባሕር ዳርም እንደምታውቂያት ናት፣ ጠዋት ከጣና ትንሽ ብርድ ይነሣና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ታባርረዋለች።

ማክሰኞ ለገና ላሊበላ በእግሬ እሄዳለሁ ስልሽ ስልኩን እያለቀስሽ ስትዘጊው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በስልክ አንቺ ትከፊያለሽ፣ እኔ እቸኩላለሁ፣ ምኑም ሳይገባን ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ። አሁን ዓይንሽ በርቷልና ማንንም ሳትለምኚ ራስሽ አንብቢው።

የምሄደውም በዚሁ ዓይንሽ ምክንያት ነው። አምና ሞራውን ሲያነሡልሽ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «ቅዱስ ላሊበላ፣ ብርሃኗን ብትመልስላት ለገና በእግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ፋሻው ሲነሣልሽ ነጠላዬን ጎተት አድርገሽ «ጥለቱ ቀይ ነው እንዴ?» አልሽኝ። ቀይ ነበር። እማዬ፣ እሱን ቀን ረስቼ በመኪና ልሄድ አልችልም።

«ጣና ላይ ያሉት ታቦታት ምን አነሳቸው?» ብለሽኛል። ምንም አላነሳቸውም። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን በየዓመቱ የካቲት 16 እሳለማለሁ፣ ዘንድሮም አላስቀርም። የተሳልኩት ግን ለላሊበላ ነው።

መንገዱን በተመለከተ ብዙ አሰብኩበት። ክረምት ቢሆን የሚያስፈራኝ ጭቃውና የወንዝ ሙላቱ ነበር፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወንዙ ጎድሎ ውርጩ ይመጣል። ከማኅበራችን ሰዎች ግማሾቹ በእብናት አድርገን ወደ ቡግና እንቁረጥ አሉ፣ ቆላው ስለሚበዛ ሌሊቱ አይበርድም ብለው። እውነት ነው አይበርድም። ግን ሸለቆ ወርዶ ሸለቆ መውጣት ነው፣ በበጋ ውኃው ይርቃል፣ ከሰፈር ሰፈርም እንደዚያው። አንዱ እግሩ ቢታመም ማን ቤት እናስገባዋለን?

እኔ የያዝኩት የደብረ ታቦሩን ነው። ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ዓለም በር፣ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ነፋስ መውጫ፣ ጨጨሆ፣ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ግራ ታጥፎ ላሊበላ። በጠቅላላው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብርዱን አልክድሽም፣ ነፋስ መውጫን ስሟ ራሱ ይናገራል። ግን ብርድ በጋቢና በእሳት ይመለሳል። ቀን የቱንም ያህል ብንደክም ማታ «የመሸብን እንግዶች ነን» ስንል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚለን ሰው ካለ እንተርፋለን፣ በዚህ መንገድ ደግሞ ከከተማ እስከ ከተማ ቤተ ክርስቲያኑም ሰዉም አይቋረጥም። እሱን ብዬ ነው የመረጥኩት፣ ሌሎቹም በኋላ ተስማሙ። ዘጠኝ ነን፣ ሁለቱ ወንዶች ከዚህ በፊት የሄዱበት ናቸው።

የመንገዱ ሰላምስ ላልሽው፣ ከወዲያ የሚመጡ ሾፌሮችን በየቀኑ እየጠየቅን ነው። ያልሆነ ነገር ከሰማን ለከርሞ እናቆየዋለን። ቃሌ ነው።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ እግሬን ላለማምድ ብዬ በየብስ ዘጌ ድረስ ሄጄ ነበር፣ በአዲስ ጫማ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ተረከዜ ውኃ ቋጠረ፣ ዘጌ ስገባ እያነከስኩ ነበር። ቡና ጥላ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት አይተውኝ ጠሩኝ። እግሬን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ መርፌ በእሳት ለብልበው፣ ክር አሳልፈው ውኃውን አፈሰሱልኝ፣ ቆዳውን ግን «እንዳትልጪው፣ እሱ ነው ፋሻሽ» አሉኝ። በጀልባ ተመለስኩ። ያንን ጫማ ለእህቴ ሰጠኋት፣ የምሄደው ሁለት ዓመት ባረጀው ሸራ ጫማዬ ነው፣ ካልሲ ደግሞ አራት ይዣለሁ።

ጾም ስለሆነ ስንቁ አላስቸገረም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ። ጋቢው ያንቺው ነው፣ ያ ወፍራሙ። ደጋው ላይ ፀሐይ ሳትወጣ አንነሣም፣ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ አጭር ስለሆነ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ያሰብነው። ሜዳ ላይም አናድርም፣ ቀዝቃዛው አየር ዝቅ ወዳለው ቦታ ወርዶ ስለሚተኛ ውርጩ የሚበረታው እዚያ ነው፣ ተዳፋቱ ይሻላል።

አሁን አንቺ የምትረጂኝ ነገር አለ። በልጅነትሽ ከአያቴ ጋር ስትሄዱ ጨጨሆ ላይ የት ነበር ያደራችሁት? ጠዋት ላይ ንፋሱ ፊታችሁን ሲመታችሁ ምን አድርጋችሁ እንደነበር አንድ ጊዜ ነግረሽኝ ነበር፣ ነጠላውን ስለማሰር የሆነ ነገር፣ ጠፋብኝ። አስታውሰሽ ጠብቂኝ።

ምክንያቱም እማዬ፣ ይህ መንገድ በደጃፍሽ ነው የሚያልፈው። ታኅሣሥ 15 ማለዳ ከዚህ እንነሣለን። ፎገራ ላይ ሩዙ እየታጨደ ይሆናል። ከወረታ ወዲያ ዳገቱ ይጀምራል፣ ከጣና ደብረ ታቦር ድረስ ወደ 900 ሜትር ሽቅብ ነው፣ እሱን ቀስ እያልን በ18 ማታ ቤትሽ እንገባለን። በ19 ገብርኤልን ካንቺ ጋር ሄጄ አስቀድሳለሁ፣ በ20 እንቀጥላለን፣ በ27 ላሊበላ። እዚያ የከተማው ሰው የመንገደኛውን እግር ያጥባል ይባላል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

አንቺ ግን እንዳታጎነብሺ። ውኃውን ብቻ አሙቀሽ ሳፋው ላይ ጨው ጣል አድርጊበት፣ እግሬን ራሴ እታጠባለሁ፣ አንቺ አጠገቤ ሆነሽ የጨጨሆውን ትነግሪኛለሽ።

ልጅሽ