ፓስታ ላኪልኝ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል?

መጥፋቴን አውቃለሁ። ይቅርታ። ብዙ ብዘረዝር ሰበብ ይመስልብኛል፣ በዚሁ ልለፈውና የቀረውን ስንገናኝ ተቃቅፈን እንጨርሰዋለን። አንቺም እኮ አልደወልሽም! ይሄ የናፍቆት ነው፣ ክስ አታድርጊው።

አሁን የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። ለሰላጣ የሚሆን ፓስታ ፈልጌ።

ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ። ጎንደር ፓስታ ጠፍቶ አይደለም፤ ፒያሳ ብቅ ብል የፈለግኩትን ያህል ገዝቼ እመለሳለሁ። እኔ የምፈልገው ስንዴ የሌለበትን፣ ከበቆሎና ከሩዝ የተሠራውን ነው። እሱን እዚህ ፈልጌ አጣሁት። አዲስ አበባ ግን ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ከውጭ ያስመጣሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ከነቤተሰቡ ከውጭ አገር ሊመጣ ነው። እነሱ ጋ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በእኛ ክረምት ስለሆነ ፍልሰታን እዚህ ይጾማሉ፣ ቡሄንም ከእኛ ጋር ይውላሉ። ትንሿን ልጁን አንቺ በፎቶ ብቻ ነው የምታውቂያት፣ እኔም ከስልክ ውጪ አግኝቻት አላውቅም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለባት። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ ሆዷ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ይነሣና ትንሹን አንጀቷን ያቆስለዋል። አንጀቷ ሲቆስል ደግሞ የበላችው አይዋሃዳትም። የሚዋጥ ኪኒን የለውም። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ግሉተን አለመብላት ነው፣ ፍርፋሪውም ሳይቀር።

ይሄን ለእማዬ ማስረዳት እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቂኝ። ታውቂያት የለ፣ ሰው ቤቷ ገብቶ ሳይጎርስ ከወጣ ቀኑን ሙሉ ይከፋታል። «ቁራሽ ዳቦ ሰው ጎድቶ ያውቃል? እመቤቴ ትጠብቃታለች» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በመጨረሻ ያሳመነቻት ልጅቷ ራሷ ናት፤ በስልክ፣ በዚያ በሚጣፍጥ ስብርብር አማርኛዋ «አያቴ፣ ዳቦ ያመኛል» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እማዬ የገብስ ቆሎውንም በሶውንም ከጓዳ አውጥታ ለጎረቤት አድላለች።

ለምን ፓስታ ሰላጣ ትዪኝ ይሆናል። የወንድሜ ሚስት ስታጫውተኝ ነው የሰማሁት። እዚያ በጋቸው ሲገባ ሰው በየግቢው ይሰባሰባል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ሳህን ፓስታ ሰላጣ አይጠፋም። ልጆቹ ሁሉ ከዚያ ይጨልፋሉ። የእኛዋ ግን የራሷን ምግብ በክዳን ዕቃ ይዛ ነው የምትሄደው። ልደት ሲሆን ዕቃ፣ ሽርሽር ሲሆን ዕቃ። እናቷ ለምዳዋለችና እንደዋዛ ነው ያወራችልኝ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ብቻ ነው። ከአንድ መሶብ በልተን ያደግን ሰዎች፣ የገዛ ልጃችን ጥግ ላይ ዕቃ ከፍታ ትብላ?

እኔ ቤት ዕቃ ይዛ አትገባም። ቡሄ ዕለት አንድ ትልቅ ሳህን ሰላጣ ይቀርባል፤ እሷም ከዚያው ትበላለች፣ አጎቶቿም፣ ጎረቤቱም፣ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆችም። «የእሷ» የሚባል ሳህን አይኖርም። ሁሉም ሰው የእሷን ይበላል። ጾም ስለሆነ ደግሞ እንቁላልም፣ ማዮኔዝም፣ አይብም የለበትም፤ ሎሚና ዘይት ነው የሚያምርበት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ። እንጀራ አለ አይደል ይሉኛል ሁሉም። አዎ፣ ጤፍ ግሉተን የለውም፣ ተመስገን። ግን ከገበያ የሚገዛው እንጀራ ገብስ ይግባበት ስንዴ ማን ያውቃል? ወፍጮ ቤቱስ? ከእኛ በፊት የገባው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሆነ ዱቄቱ ከእኛው ጋር ይመጣል። ስለዚህ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ወፍጮ አፈላልጌ አግኝቻለሁ። እርሾውም የድሮው ቅልቅል ስለሆነ ተደፍቶ ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ ተጀምሯል። ሸክላ ምጣድ ያለፈውን ሁሉ ይመጥጣልና ከቅዳሜ ገበያ አዲስ ገዝተን እማዬ በጎመን ዘር አሟሸችው። የእንጨት ማማሰያዎቹን ሸሸግኳቸው። የፓስታ ማጥለያውንም ቀየርኩት፣ በየቀዳዳው የሚቀረው በእጥበት አይለቅምና።

ሙልሙሉ ነው ያስጨነቀኝ። ቡሄ ያለ ሙልሙል አይሆንም፣ ሙልሙል ደግሞ ስንዴ ነው። እኛ ቤት ዱቄት ከተነፋ አየር ላይ ይቆይና የሰላጣው ሳህን ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ዘንድሮ የእኛ ሙልሙል ጎረቤት ይጋገራል፣ ተስማምተናል። ለእሷ ከበቆሎ ዱቄት ትንንሽ አድርጌ በኮባ ጠቅልዬ እጋግርላታለሁ፤ ልጆቹ ሲመጡ እሷም በእጇ የምትይዘው ይኖራታል። ጠላው ብቅል ስላለበት ከጋኑ ጋር ውጭ በረንዳ ላይ ይሆናል። ቁርባኑን በተመለከተ ግን እኔ አልገባበትም፤ ወንድሜ ከንስሐ አባታችን ጋር ይነጋገርበታል።

አሁን ወደ ሰላጣው። የወንድሜን ሚስት አሰልችቻት፣ ጓዳ ውስጥም ያገኘሁትን ሁሉ እየቀቀልኩ ስሞክር የገባኝን ልንገርሽ፣ አንቺም ታርሚኛለሽ። የተለመደው ፓስታ ሲቀቀል የማይበታተነው ግሉተኑ እንደ መረብ ስታርቹን (ሲበስል የሚጣበቀውን የዱቄቱን ክፍል) ስለሚይዘው ነው። ያኛው ያ የለውም። ውሃው ካነሰ ተጣብቆ ገንፎ ይሆናል፤ ለግማሽ ኪሎ አምስት ሊትር ውሃ፣ ጨው ጠቀም አድርጎ። እንደጨመርሽው ቆመሽ ታማስያለሽ፣ የሚጣበቀው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። በስሎና ፈርሶ መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ በጣም አጭር ነው፣ ስልክ የምታነሽበት አይደለም።

ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አትመኚው። እሱ የተለካው ባሕር አጠገብ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ነው። እኛ ከ2,100 ሜትር በላይ ተቀምጠናል፣ ውሃችን 93 ላይ ነው የሚፈላው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከእኛም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ትንሽ ይዘገያል። የተባለው ደቂቃ ሲደርስ አንዷን አውጥቶ መንከስ፣ ከዚያ በየግማሽ ደቂቃው መንከስ ነው። መሐሏ ነጭ ነገር ሲጠፋ ግን ገና ጠንከር እንዳለች ይወጣል። ለትኩስ ፓስታ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ኃጢአት ነው ትዪ ነበር፤ ለዚህ ግን የግድ ነው። መብሰሉን ያቆመዋል፣ ላዩ ላይ የቀረውን ስታርችም ያወርደዋል። ከዚያ ቶሎ ዘይት ታለብሺዋለሽ።

ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ግን የለም! ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ሩዙማ በተለይ፤ በማግስቱ ቆርፍዶ ይሰባበራል። በዚያው ዕለት ጠዋት ተሠርቶ በዚያው ዕለት መበላት አለበት። የነሐሴ ብርድ ውስጥ ደግሞ በረዶ የሆነ ሰላጣ ማን ይፈልጋል? ከቀረበ በኋላም ብዙ እንዲቀመጥ አልፈልግም፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ አይቆይም። ማጣፈጫውን ግማሹን ለብ እንዳለ ማፍሰስ፣ ግማሹን ሊቀርብ ሲል። ፓስታው እየጠጣው ስለሚሄድ በኋላ ደረቅ ይሆናል።

ውስጡ የሚገባው ሁሉ የጎንደር ነው። ኪያር፣ ካሮት ተፍቆ፣ ቲማቲም ፍሬው ወጥቶ በጨው ተጠንፍፎ (ውሃው ካልወጣ ሁሉንም ያላቁጠዋል)፣ ቀይ ሽንኩርት በሎሚ ተነክሮ፣ ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ። ሽምብራ በዋዜማው ተዘፍዝፎ ተቀቅሎ፤ የደምቢያ ሽምብራ ካልገባበት ሰው አያጠግብም። መጨረሻ ላይ ለጋ በሶብላ በእጅ ተቆርጦ። ማጣፈጫው አንድ እጅ ሎሚ፣ ሁለት እጅ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ሰናፍጭ። ሰናፍጩን እቤት ነው የምወቅጠው፣ የተዘጋጀው ውስጥ ዱቄት ይኑር አይኑር ስለማይታወቅ።

እዚህ ላይ ትዝ ያልሽኝ። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ በነበረችው ክፍላችን ውስጥ፣ በዚያች ምድጃ፣ ያንን የማካሮኒ ሰላጣ ስትሠሪ ከሎሚው ጋር የምትጨምሪው ነገር ነበር። ደብቀሽኝ ኖርሽ! ስኳር ነው? አሁን እንኳን ንገሪኝ፣ ልጅ መጣ። አንቺ ሎሚ ላይ ቸር ነሽ፣ ዘይት ላይ ስስታም፤ እኔ ግን ምጥኑን እንደ ጻፍኩልሽ ነው የማደርገው፣ አትከራከሪኝ።

ፓኬቱን ስትገዢ እባክሽ አንብቢው። «ከስንዴ ነጻ» የሚለው ብቻ አይበቃም፣ ገብስ ሊኖርበት ይችላል። «ከግሉተን ነጻ» ማለት አለበት፤ በአውሮፓም በአሜሪካም እንዲህ ተብሎ የሚጻፈው በአንድ ኪሎ ውስጥ ግሉተኑ ከ20 ሚሊግራም ካልበለጠ ነው። የተሰረዘ የስንዴ ዛላ ምልክት ካለበት ይበልጥ ጥሩ። ቅርጹ ጠምዛዛው ይሁን፣ ማጣፈጫውን በየጥምዙ ይይዛል። ከምስር የተሠራ ብታዪ ተዪው፣ ጣዕሙ ሌላውን ይጫናል። ባለ ግማሽ ኪሎ ስድስት ይበቃኛል፤ አምስቱ ለቡሄ፣ አንዱ እንድለማመድበት። ከፍልሰታ በፊት እንዲደርስልኝ ነው የምፈልገው። ጨርሶ ከጠፋ አትንከራተቺ፣ በፎገራ ሩዝ እሠራዋለሁ። ግን ልጅቷ «ጥምዝምዙን ፓስታ» ብላ በስሙ ጠርታዋለች፣ ምን ላድርግ።

ሌላም ልጠይቅሽ ነበር... ስለ እሱ። ተይው። ስትፈልጊ ራስሽ ትነግሪኛለሽ፣ እኔ ያው ነኝ። እማዬ ግን በየጸሎቷ ስምሽን ሳትጠራ አታድርም፣ ይሄን እወቂልኝ።

ደግሞ ሳስበው፣ ፓስታውን ራስሽ ይዘሽው ብትመጪስ? ዝም ብዬ አይደለም የምለው፣ ከልቤ ነው። ሁሉን ነገር ብቻዬን ስጠብቅ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ማጥለያው አጠገብ ብትቆሚልኝ አልፈራም ነበር። ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ፣ አዘዞ ወርጄ ከአውሮፕላኑ እቀበልሻለሁ። ካልተመቸሽ ለሚመጣ ሰው ስጪውና ስልኩን ላኪልኝ።

ዋጋው ውድ እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ ከኪስሽ እንዳታወጪ። ብሩን ነገ ላስገባልሽ፤ የባንክ ሂሳብሽ ያው የድሮው ነው ወይስ ቀይረሻል?

እህትሽ፣ ከጎንደር