እማዬ፣ የበርበሬውን ልፋት ንገሪያቸው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መብረድ ጀምሯል።

ባለፈው በስልክ «እነዚህ ልጆችሽ የሰው ልፋት አይታያቸውም» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። የላክሽላቸውን የሐበሻ ልብስ ለበሱ፣ ካሜራው ፊት አንዴ ዞሩ፣ «ታንክ ዩ አያቴ» ብለው ሮጡ። ቅር ብትሰኚ አይገርመኝም። ግን ባለጌ ሆነው እንዳይመስልሽ። ለአውቶቡስ ሹፌሩም፣ ውሃ ላቀበላቸውም ታንክ ዩ ሳይሉ አያልፉም። ልብሱ ለእነሱ ከካርቶን ነው የወጣው። እዚህ በራችን ላይ በየጊዜው ካርቶን ይቀመጣል። ይሄኛውን አያታቸው ሸማኔ ጋ ተመላልሳ፣ ጥለት መርጣ፣ የሚመጣ ሰው አፈላልጋ እንደላከችው በምን ይወቁ?

ትምህርት ቤታቸው በበኩሉ ይሞክራል። በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና ቀን፣ የሚሉት በዓል አለ። ከዚያ በፊት ልጆቹ በበዓሉ የሚበላውን ተርኪ የሚሉትን ዶሮ መሰል ወፍ በወረቀት ይሠሩና በየላባው ላይ የሚያመሰግኑበትን ነገር ይጽፋሉ። የትንሹን ባየሽ! ፒዛ፣ ታብሌት፣ ደግሞ ፒዛ። (የእውነቱን ተርኪ እንኳ ብዙ ጊዜ አንበላውም፤ በዓሉ አብዛኛውን ጊዜ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው የሚውለው።)

አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ «የሚበላው ያጣ ልጅ አለ» እያለ ያስፈራራል። ይህን አልወደውም። እዚህማ ለምሳሌ የሚጠሩት አፍሪካን ነው፣ የእኔዋ ልጅ እዚያው ቁጭ ብላ! በሰው ችግር የተሸማቀቀ ልጅ ሳህኑን ይጨርስ ይሆናል። ያበሰለለትን ሰው ግን ዞር ብሎ አያይም።

በቅርቡ አንድ ጥናት አነበብኩ። ጄፍሪ ፍሮህ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ2014 ያወጣው ነው። ከ8 እስከ 11 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ሰው አንድ ነገር ሲያደርግላቸው እንዲህ ብለው እንዲያስቡ ተማሩ፦ አስቦበት ነው ያደረገልኝ? ምን አስወጣው፣ ምን አደከመው? እኔስ ምን ጠቀመኝ? እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ አመስጋኝ ሆነው ተገኙ። ሳነበው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ወጥ ላይ ቅቤ ስትጨምሪ «ይሄን አክስትሽ ከደብረ ማርቆስ ድረስ እግሯ ሥር አድርጋ ነው ያመጣችው» ትዪን ነበር። እኔም ስበላ አክስቴ አውቶቡስ ውስጥ ተጣብቃ ትታየኛለች።

እና አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዘንድሮ በርበሬ ስታዘጋጂ እህቴ በስልኳ ትቅረጽሽ። ዛላውን ስትቀነጥሺ፣ ፀሐይ ላይ ስታሰጪው፣ ሲያስነጥስሽ። ነጭ ሽንኩርቱ ሲላጥ፣ ዝንጅብሉ ሲወቀጥ፣ ከበሶብላው ጋር ተደባልቆ እንደገና ሲሰጣ። ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ ምጣድ ላይ ሲታመስ። ደመና ሲመጣ በዚያ ጉልበትሽ «አንሱ! አንሱ!» እያልሽ ስትሯሯጪ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቂ። ጥሩ ልብስ ልልበስ ብለሽ አትጨነቂ፤ በሽርጥሽ ይበቃል። ትልቋ ልጄ ዶሮ ወጥ ነፍሷ ነው። የሚጣፍጣት ነገር ስንት እጅ እንዳለፈ ትይ።

ስታወሪያቸው ደግሞ አደራሽን «ምን ደክሞኝ፣ ምንም አይደል» አትበያቸው። ልፋትን መደበቅ የእናንተ ጨዋነት ነው፤ እኔ ይገባኛል። እነሱ ግን ምንም አይደል ከተባሉ ምንም አይደለም ብለው ነው የሚያምኑት። ደክሞኛል በያቸው። ወገቤን አሞኛል በያቸው። ለእናንተ ስል ነው በያቸው።

እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። እንግዳ ሲመጣ ትንሹ ጆግና ሳፋ ይዞ እጅ ያስታጥባል። ግማሹን ምንጣፉ ላይ ነው የሚያፈሰው፤ ይሁን። «እደግ! ተመንደግ!» ሲሉት ደረቱን ነፍቶ፣ የታጠበውን ሰው እንደገና ላስታጥብ ይላል። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሲቀርብለት «ማነው የሠራው?» ማለት ጀምሯል። አባቱ ነው ስንለው ግን አላመነም።

እሁድ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት፣ እናንተ ጋ 11 ሰዓት ሲሆን እንደውላለን። ትልቋ የቀሚሷን ጥለት ማን እንደመረጠው ልትጠይቅሽ ነው። ሳትቸኩዪ ንገሪያት። የሚመጣ ሰው ከተገኘ ደግሞ ኮረሪማ አትርሺ፤ አልቆብናል።

የምትወድሽ ልጅሽ